መገጣጠሚያን የሚያቃጥሉ የሰውነት መልእክተኞች

«ቁርጥማት ያዘኝ»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ዕድሜ ነው እንግዲህ» የሚሉ አባባሎች በየቤታችን የተለመዱ ናቸው። ጣት፣ የእጅ አንጓ ወይም ጉልበት መታመም ሲጀምር አብዛኞቻችን ነገሩን በእነዚህ ቃላት ዘግተን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። በጉራጌ ዞን በአታትና በአካባቢው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሕመም ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንሰት መፋቅ፣ ቆጮ መጭመቅ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም የዕለት ሥራ በሆነበት ቀዬ እጅ ቢዝል፣ ወገብ ቢይዝ ማን ይገረማል?

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከሥራ ብዛት የመጣ ሕመምና ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት መሳሳት የመጣ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በዕረፍት ይቀላል። ሁለተኛው ግን ባረፉ ቁጥር የሚብስ፣ ካልታከመም አጥንትን እየቦረቦረ ጣትን የሚያጣምም በሽታ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ይህ ሁለተኛው ሕመም ከየት እንደሚነሳ፣ ሳይንስ እንዴት እንደደረሰበት፣ እርስዎም በጊዜ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ይመለከታል።

ሕመሙን ከሰዓቱ ይለዩት

ለስላሳው የአጥንት ሽፋን በዕድሜና በሥራ ብዛት ሲሳሳ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ጉልበትን፣ ዳሌንና ወገብን ይይዛል። ሲሠሩና ሲራመዱ ይብሳል፤ አረፍ ሲሉ ይሻላል። ጠዋት ላይ መጠነኛ መያዝ ቢኖርም ጥቂት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይለቃል።

የብግነት ሕመም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከእነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው ሩማቶይድ አርትራይተስ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጣቶችና በእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው። ቀኙን እጅ ከያዘ ግራውንም ይይዛል። መገጣጠሚያው ያብጣል፤ ሲነኩት ይሞቃል፤ ሲጫኑት ያማል። ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ጣት አልታጠፍ፣ አልዘረጋ ይላል፤ ይህም ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ረፋድ ይቆያል። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ክብደት መቀነስና የደም ማነስ አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል። የአዛውንቶች በሽታ ብቻ አድርገው እንዳያዩት፤ በሥራና በልጅ ማሳደጊያ ዕድሜ ላይ ያሉ እናቶችንም ይይዛል።

ስለዚህ ራስዎን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ጠዋት ላይ የሚሰማኝ መያዝ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል? ያበጠ መገጣጠሚያ አለኝ? እንዲህ ከሆንኩ ስድስት ሳምንት አልፎኛል? መልስዎ «አዎ» ከሆነ ነገሩ የድካም ብቻ አይደለምና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዎታል።

የዕድር ጡሩምባና ሳይቶካይን

በአካባቢዎ ሰው ሲሞት የዕድር ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባው ራሱ መቃብር አይቆፍርም፤ ድንኳንም አይተክልም። ሥራው መጥራት ነው። ድምፁ ሲሰማ ግን ገበሬው ሞፈሩን ያስቀምጣል፤ እናት ምጣዷን ታወርዳለች፤ ሁሉም ወደ ለቅሶው ቤት ያመራል።

በሰውነታችን ውስጥም እንዲህ ያሉ ጠሪዎች አሉ። ሳይቶካይን ይባላሉ። የደም ነጭ ሕዋሳትና ሌሎች ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ጀርም በቆዳ ቁስል ሲገባ በቦታው ያለው ሕዋስ ሳይቶካይን ይለቃል። መልእክቱ የደረሳቸው የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ነጭ ሕዋሳት ከያሉበት ይጎርፋሉ፤ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ብግነት የምንለው ይህንኑ ነው። ጀርሙ ሲጠፋ ጡሩምባው ዝም ይላል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ሰው ሳይሞት በየማለዳው ጡሩምባ የሚነፋበትን መንደር ያስቡ። ሕዝቡ በየቀኑ እየተጠራ ይወጣል። እርሻው ይታጎላል፤ የተሰበሰበውም ሰው የሚሠራው ሲያጣ አጥር ይነቅላል፣ ግቢ ይረግጣል። በሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሆነው ይህ ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ጥሪውን ያሰማል፤ የሚያስቆመውም ያጣል። ለዚህ ስህተት በር ከሚከፍቱት መካከል የዘር ተጋላጭነትና ሲጋራ ማጨስ ይገኙበታል።

ሦስቱ ዋና ጠሪዎች

ሳይቶካይኖች ብዙ ቢሆኑም በመገጣጠሚያ ብግነት ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሦስቱ ናቸው።

የመጀመሪያው በምህጻር ቲኤንኤፍ የሚባለው ነው። ሙሉ ስሙ ቱሞር ኔክሮሲስ ፋክተር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1975 በአሜሪካ ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ ዕጢን ሲያጠፋ ስላዩት ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ ግን ሌሎቹን ጠሪዎች የሚቀሰቅስ ቀዳሚ ሆኖ ይሠራል።

ሁለተኛው ኢንተርሊዩኪን-1 ነው። ለስላሳውን የአጥንት ሽፋን የሚበሉ ኢንዛይሞች እንዲመነጩ ያደርጋል። በተለምዶ ሪህ በምንለው፣ የዩሪክ አሲድ ጠጠር በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም በሚመጣው ሕመምም ዋናው ጠሪ እሱ ነው። ከመስቀል ክትፎና መጠጥ ማግስት የእግር አውራ ጣቱ በሌሊት ቀልቶ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮኸው ሰው የዚህን መልእክተኛ ጉልበት ያውቀዋል።

ሦስተኛው ኢንተርሊዩኪን-6 ነው። ይህኛው ከመገጣጠሚያ ወጥቶ በደም ይዞራል። ጉበትን ሲደርስ ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን እንድታመነጭ ያዛታል፤ ሐኪም በደም ምርመራ የሚፈልገው አንዱ ምልክት ይኸው ነው። ብረት ለደም ሥራ እንዳይውል በማድረግም የደም ማነስን ያመጣል። በሕሙማኑ ደም ውስጥ መጠኑ የሚጨምረው ወደ ንጋት ላይ ስለሆነ፣ ጣት ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚልበትን ምክንያት ለመረዳት ያግዛል።

የእነዚህ ጥሪ ሲበዛ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ይወፍርና ወደ አጥንቱ ይዘልቃል። አጥንት ሁልጊዜ በጥቂቱ የሚፈርስና መልሶ የሚገነባ አካል ነው። ሳይቶካይኖቹ አፍራሾቹን ሕዋሳት ስለሚያበዙ መገንባቱ ማፍረሱን መከተል ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ በራጅ የሚታየው የተቦረቦረ አጥንት ተመልሶ አይሞላም። በመጀመሪያዎቹ ወራት መታከም ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ለንደንና አዲስ አበባ

እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በለንደን ከሕሙማን መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ ያጠኑ ነበር። ቲኤንኤፍን ብቻ ነጥለው ሲያግዱ ኢንተርሊዩኪን-1ም አብሮ እንደሚቀንስ ተመለከቱ። አንዱ ዝም ሲል ሌሎቹም ዝም ይላሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ በ1992 ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒት ሌላ ሕክምና ላልረዳቸው 20 ሕሙማን ሰጡ፤ ሕሙማኑም በአጭር ጊዜ ውስጥ ለውጥ አሳዩ። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2003 ታዋቂውን የላስከር ሽልማት ተቀብለዋል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን በእነዚያው ዓመታት ቲኤንኤፍን የማገድ ሐሳብ አዲስ አበባ ውስጥም በሕሙማን ላይ መፈተኑን ነው። ምርምሩ በመገጣጠሚያ ላይ አልነበረም፤ በቅማል በሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ላይ ነበር። ይህ በሽታ በፔኒሲሊን ይድናል። ሆኖም መድኃኒቱ ጀርሙን በጅምላ ሲገድለው ሕመምተኛው በሰዓታት ውስጥ በከባድ ብርድ ብርድ ማለት ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ያሻቅባል፤ የደም ግፊቱ ይዋዥቃል፤ ሕይወቱም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ በ1992 የታተመ ጥናት በዚህ ጊዜ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊዩኪን-6ና ኢንተርሊዩኪን-8 እንደሚያሻቅቡ አሳየ።

ከአራት ዓመት በኋላ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና የሥራ ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ሙከራ መልስ ይዞ መጣ። በጥናቱ 49 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ለ20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ በፊት ከበግ የተዘጋጀ ፀረ ቲኤንኤፍ ተሰጣቸው፤ 29ኙ ይህን ሳይወስዱ ታከሙ። ካልወሰዱት 29 ሰዎች 26ቱ ያን ከባድ መንቀጥቀጥ ሲያሳልፉ፣ ከወሰዱት 20ዎቹ ግን 10ሩ ብቻ ናቸው የተያዙት። በሌሎቹ ሳይቶካይኖች ላይም መቀነስ ታይቷል። ለንደን ላይ በመገጣጠሚያ ሕዋሳት የታየው ሰንሰለት አዲስ አበባ ላይ በትኩሳት ሕሙማን ታየ።

ጡሩምባውን ማፈን የሚያስከፍለው ዋጋ

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በየማለዳው በከንቱ የሚነፋው ጡሩምባ ሰለቸን ብለን ብንሰብረው፣ እውነተኛ ሞት ሲመጣ ማን ይጠራናል?

ቲኤንኤፍ በሳንባ ውስጥ የተደበቀውን የቲቢ ጀርም ከበው የሚጠብቁትን ሕዋሳት አንድ ላይ ይዞ የሚያቆይ ነው። ብዙ ሰው የቲቢ ጀርም በሰውነቱ እያለ ሳይታመም ዕድሜውን የሚጨርሰው በዚህ አጥር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ በ2001 በወጣ ዘገባ ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቲቢው ከሳንባ ውጭ ባለ አካል ላይ ነበር። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ማንም ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመሩ በፊት የቲቢና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ሊደረግለት፣ አስፈላጊ ከሆነም የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ሊወስድ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 አዳሊሙማብ የተባለውን ፀረ ቲኤንኤፍ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ያም ሆኖ የእነዚህ መርፌዎች ዋጋ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም።

በእጃችን ያለው መድኃኒት

የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕክምና በዓለም ዙሪያ የሚጀምረው በመርፌዎቹ አይደለም። የመጀመሪያው ምርጫ ሜቶትሬክሴት የተባለ ርካሽ ክኒን ነው። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ወይም ብቻውን በጊዜ የተጀመረ ሜቶትሬክሴት የብዙ ሕሙማንን መገጣጠሚያ ከመበላሸት አድኗል። ይሁንና ሦስት ጥብቅ ማሳሰቢያዎች አሉት።

አንደኛ፣ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መውሰድ የአጥንት መቅኒን ጎድቶ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ቀኑን እንዳይረሱት ከሳምንታዊው የገበያ ቀንዎ ጋር ያያይዙት፤ ለቤተሰብዎም ይንገሩ። ሐኪሙ የሚያዘውን ፎሊክ አሲድም እንዳይተዉ።

ሁለተኛ፣ ጽንስን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት ልትወስደው አይገባም፤ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ሦስተኛ፣ ጉበትንና የደም ሕዋሳትን ስለሚነካ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። አረቄና ሌላ አልኮል ከእሱ ጋር አይስማሙም። ውጤቱን ለማየትም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ «አልሠራልኝም» ብለው በአንድ ወር አይተዉት።

ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነው ኮርቲዞን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሩማቶይድ ሕመምተኛ የተሰጠው እ.ኤ.አ በ1948 በአሜሪካ ሲሆን፣ ግኝቱ በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ስቴሮይድ ብዙ ጠሪዎችን በአንድ ጊዜ ዝም ያሰኛል፤ ለዚህም ነው ሕመምተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ የተፈወሰ የሚመስለው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ጠቃሚ ነው። ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ እየገዙ ለወራት መውሰድ ግን ፊትን ያሳብጣል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ የደም ስኳርና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ለቲቢም ያጋልጣል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመውም አደገኛ ነው። ጎረቤትዎ «ይቺ ክኒን አዳነችኝ» ብላ ብትሰጥዎ ስሟን ሳይጠይቁ አይዋጡ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ አጥንት መቦርቦሩን አያስቆሙም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ቀድሞ መድረስ

እ.ኤ.አ በ1969 በሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ እህቶች የተመሠረተው የአታት ሆስፒታል ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ የነፍሰ ጡሮች ማቆያው ነው። ለአደጋ የተጋለጠች እናት ምጥ እስኪጀምራት መንገድ ላይ አትጠበቅም፤ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ በሆስፒታሉ አጠገብ ትቆያለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከአደጋው በፊት መድረስ። ለመገጣጠሚያ ብግነትም ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። ጣት ከተጣመመ በኋላ ሳይሆን ማበጥ ሲጀምር ይሂዱ።

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፤ አስፈላጊ ሲሆን በወልቂጤ፣ በቡታጅራ ወይም በአዲስ አበባ ወደሚገኙ ሆስፒታሎች የሪፈር ወረቀት ይጻፍልዎታል። ሲሄዱ ሕመሙ የጀመረበትን ወር፣ የሚያብጡትን መገጣጠሚያዎች፣ ጠዋት የሚቆይበትን ሰዓት፣ የወሰዱትን መድኃኒትና የባህል ሕክምና ሁሉ ይንገሩ። ያልተፈላ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ይህንንም አይደብቁ፤ ብሩሴሎሲስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣልና። ቲቢም መገጣጠሚያን ሊይዝ ይችላል። ያበጠ መገጣጠሚያ ከመታሸቱ በፊት በሐኪም ይታይ።

የማያስጠብቁ ሁለት ሁኔታዎችን ደግሞ ያስታውሱ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከትኩሳት ጋር አልንቀሳቀስ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ ውስጡ መግል የቋጠረ ከሆነ በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ልጅዎም የጉሮሮ ሕመም ካመመው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመምና ትኩሳት ከያዘው፣ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል አያሳድሩት።

በቤትዎ የሚያደርጉት

የጠዋቱን መያዝ ለማላቀቅ እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆይተው ጣቶችዎን ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ። ሕመሙ በረድ ባለ ጊዜ በጀፎሮው ላይ መራመድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ጨርሶ ተኝቶ መዋል ግን መገጣጠሚያን ያደርቃል። ያበጠ እጅ እንሰት ሲፍቅ እንዳይውል ሥራውን ከቤተሰብ ጋር ይከፋፈሉ። ይህ ለባሎችና ለወንዶች ልጆችም የቀረበ ምክር ነው፤ የእናት እጅ ታሞ ቤት አይቆምም። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ በሽታውን ያባብሳል፤ የመድኃኒቱንም ኃይል ይቀንሳል። ምግብን በሚመለከት ሪህ ያለበት ሰው ሥጋና አልኮልን ይቀንስ፤ ሩማቶይድን ግን ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ማር ብቻውን አያድነውም፤ በመድኃኒት ፋንታ አይተኩት።

ጸበል የሚጠመቁ ወይም በሃይማኖትዎ የሚጸልዩ ከሆነም ክኒኑን አያቋርጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በመጨረሻም፣ በየማለዳው የሚነፋው ጡሩምባ በራሱ ጊዜ ዝም ይላል ብለው አይጠብቁ። እየቆየ የሚያፈርሰው የእርስዎኑ አጥንት ነው። ዛሬ ጣትዎ ያበጠ፣ ጠዋት አልታጠፍ ያለ እንደሆነ በዚህ ሳምንት ይታዩ። ልጅ የሚታቀፈውም፣ ቆጮ የሚጋገረውም፣ ቡና የሚቀዳውም በእነዚያው ጣቶች ነውና።